ፌሮው ከላይ

መጋቢት 24 ቀን 2017

ዳምጤ ከደጋው፣ ከገረሴ ደወለ። የባለቤቴ የስመኝ ታናሽ ወንድም ነው። በስልክ ሲያወራ ከተራራ ወደ ተራራ የሚጣራ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ለእርሷ ደውሎ እኔም ከሌላ ክፍል ሰማሁት። መንገድ ሊሰፋ ነው። የአባታቸው አጥር አራት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ደጃፉ ላይ የኖረው አግዳሚ ቦታ አጣ። ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ እኛ ይምጣ ነው ነገሩ።

አግዳሚ ሲባል ሻይ ቤት በር ላይ ያለው ዓይነት አይደለም። ከአንድ የጥቁር እንጨት ግንድ ተጠርቦ የወጣ፣ ከሦስት ሜትር በላይ የሚረዝም ነገር ነው። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚቀመጡት እርሱ ላይ ነበር። በእነርሱ ቤት ደንብ ጣሪያ ስር አይገባም፤ ሰማይ ማየት አለበት። ሳሎን ስለዚህ አይሆንም። ጓሯችንን የውሃ ታንከሩና የፍሳሽ ጉድጓዱ ተካፍለውታል። እኛ የምንኖረው ፎቁ ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ ወለቴ የምትባል ሴት የተከራየችው ጭማቂ ቤት ነው፤ የእርሷም ደጅ ቢሆን በሰገነታችን ጥላ ስር ነው።

"የቀረው ሰገነቱ ነው" አለች ስመኝ።

ሰገነቱ ሰማይ ያያል። የጎረቤት ታንከር ካልተቆጠረ የጫሞን ሐይቅም በጥቂቱ ያያል።

አቧራ ይበላዋል አልሁ። ሃምሳ ዓመት ደጅ የኖረ እንጨት ነው አለች። ወፍ ኩሱን ይጥልበታል አልሁ። አባቴም ላይ ይጥሉ ነበር፣ ጠርጎ ነበር የሚቀመጠው አለች። ሌላ ምክንያት ለጊዜው አልመጣልኝም።

መጋቢት 27

ሲጨንቀው የሚጸልይ ሰው አለ። እኔ እደምራለሁ።

አግዳሚው ሦስት ኩንታል ተኩል። ነገር ግን ባዶውን አይመጣም። ቦታ ሲቀይር ሽማግሌዎች፣ እርሱ ላይ ያልበቃው በርጩማ ይዞ አጠገቡ፣ በአንድነት ተቀምጠው መመረቅ አለባቸው፤ ዐሥራ ሁለት ናቸው። የደጋ ሽማግሌ ቀጭን ነው፣ ጋቢውን ጨምሮ ስድሳ አምስት ኪሎ እንበል። ዳምጤ ብቻውን ዘጠና። ድምሩ ዐሥራ ሁለት ኩንታል ከሃያ ኪሎ። ሰገነቱ አራት ሜትር ወርድ አለው፣ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከስሩ ምሰሶ የለውም። ከግድግዳ የተዘረጋ እጅ ማለት ነው። በወጉ የተሠራ ከሆነ ይህን ሸክም ልብ ሳይለው ይሸከማል።

በወጉ የተሠራ ነው። በ2005 ኮንክሪቱ ሲሞላ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነበር። የኮንክሪት ሥራ ሃያ ሰባት ዓመት ያስተማረ ሰው የራሱን ሰገነት ሳይቆም አያስሞላም።

ታዲያ ለምን እንደደመርሁ አላውቅም።

ሚያዝያ 1

ወለቴን ወንበሮችሽን ወደ ውስጥ አስገቢ አልኋት። ምክንያቱን ጠየቀችኝ። ወፍ አልሁ። ወፉ እየሠራልኝ ነው።

"ጋሼ፣ ደንበኛ የሚመጣው ጥላ ፈልጎ ነው። ውስጥ ካስገባሁት እንደ ዳቦ ይበስላል" አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቤቱን ፈልጋችሁት ከሆነ በግልጽ ይነገረኝ አለች። አልፈለግነውም አልሁ። አላመነችኝም። ከሰዓት በኋላ አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ፣ አቮካዶና ማንጎ ተደርቦ፣ ወደ ፎቅ ላከችልኝ። ጉቦ ይሁን ዕርቅ አልለየሁም። ጠጣሁት።

ሚያዝያ 4

ዝናብ። ሌሊቱን ሙሉ።

የሰገነቱ ወለል ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ላይ ክር የምታህል ስንጥቅ አለች። ልስን ነው። ልስን ይሰነጠቃል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ጫፏ ላይ በእርሳስ የዛሬን ቀን ጻፍሁና የምሸፍንባትን የፕላስቲክ ምንጣፍ መለስሁባት።

ከምንጣፉ ስር ሌሎች ቀኖችም አሉ።

ሚያዝያ 13

ዳምጤ ለፋሲካ ወርዶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ዘለለ። "ይቺ በረንዳ ዝሆን ትሸከማለች" አለ። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም። ወንበሬን ሁልጊዜ ደፍ ላይ አደርጋለሁ፣ እግሬ ብቻ ይወጣል። ነፋሱ እዚያ ይሻላል። አበቦቹንም ከዚያው ሆኜ በጎማ አጠጣለሁ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልማድ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ በጋሞኛ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ከሚያስቡት በላይ እሰማለሁ፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አልሰማም ስል ኖሬ አሁን ሰማሁ ማለት ነውር ነው። ስመኝ፣ አባባ ያኔ እንዳቆሙት እርሱ አልረሳም፣ ለዚያ ነው እያለች ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1986 ከጎጃም በመጣሁ በሦስተኛ ዓመቴ፣ ሁለት ባልደረቦቼን ሽማግሌ አድርጌ ልጅቷን ልጠይቅ ገረሴ ወጣሁ። ሽማግሌዎቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆምሁ። ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ። ከዚያም በኋላ በሄድሁ ቁጥር በርጩማ ይመጣልኝ ነበር እንጂ ማንም እዚያ ተቀመጥ ብሎኝ አያውቅም። አንድም ቀን አልተቀመጥሁበትም። ቂም የለብኝም፤ ደቂቃውን መቁጠር ልማዴ ስለሆነ ነው የማስታውሰው።

ስመኝ ግን ቂም ነው ብላለች። ብገባና አይደለም ብላት፣ ታዲያ ምንድን ነው ትለኛለች። አልገባሁም።

ሚያዝያ 19

ቀኑ ተቆረጠ፤ ግንቦት 30፣ የአማቴ ሙት ዓመት። የጭነት መኪና ተይዟል።

ኦይታን መጥራት አለብኝ። ተማሪዬ ነበር፣ ካስተማርኋቸው ሁሉ የላቀው። አሁን የሕንፃ ተቆጣጣሪ ነው፤ ኮንክሪት ውስጥ ፌሮ የት እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ አለው። እርሱ ይለካ፣ መሣሪያው ይናገር። መሣሪያ ካለ አለ ነው፤ ከማንም ጋር አይቀያየምም። እኔም እንደማንኛውም ሰው እሰማለሁ፣ እደነግጣለሁ።

ሚያዝያ 24

ኦይታ መጣ። ይህን በዝርዝር ልጻፈው።

ገና ደረጃው ላይ "ፌሮው ከላይ!" ብሎ ሰላም አለኝ። ተማሪዎች ያወጡልኝ ስም ነው፣ ፊት ለፊት የሚጠራኝ ግን እርሱ ብቻ ነው። በየዓመቱ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተማሪ አስነሥቼ እጅህን ዘርጋ እለዋለሁ። ክንዱ ላይ ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠለጥላለሁ። የቱ ጋ አመመህ እላለሁ። ከላይ፣ ትከሻዬ ላይ ይላል። ሰገነትም እንደዚያው ነው፣ የሚሳበው ላዩ ነው፣ ፌሮው ላይ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ስር ከወረደ የተቀበረ ጌጥ ነው እላለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት፣ ሃያ ሰባት ባልዲ።

ኦይታ ምንጣፉን ሳያነሣ ተንበረከከ። መሣሪያውን ከቦርሳው አወጣ። ስመኝ ለውዝ በሰሐን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ደፌ ላይ ነኝ። አሁን ያልቃል ብዬ ደስ ያለኝ ይመስለኛል። ከዚያ ቀና አለ።

"መምህር፣ ሲሞላ ነበሩ?"

ስመኝ ወደ እኔ ዞረች። ሁለቱም መልሱን የሚያውቁት ዓይነት ፊት ነበራቸው።

"ከጠዋት እስከ ማታ" አልሁ።

መሣሪያውን ወደ ቦርሳው መለሰ። "እንግዲያ ምን አስጠራኝ? እርስዎ ቆመው ባስሞሉት ላይ መሣሪያ ባሳርፍ ሰው ምን ይለኛል?"

ለካው አልሁት። ሳይንስ ነው፣ መለካት ነውር የለውም አልሁት። ሳቀ። ሊፈትኑኝ ነው፣ ገባኝ፣ አለ። እንዲያውም ለማስታወሻ ብሎ ወረቀት አወጣና የዐሥራ አምስት ኩንታል ሸክም ያለ ስጋት ይችላል ብሎ ጽፎ ፈረመ። ለውዙን በላ። አንድም ቀን ሳይለካ እንዳይፈርም ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ለሌላ ለማንም እንደማያደርገው ደግሞ አውቃለሁ፤ ክብር ነው የሰጠኝ።

ስመኝ ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። "አየህ?" አለችኝ።

ወረቀቱ የማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ውሃ በቀዳሁ ቁጥር አነበዋለሁ። የኦይታ የእጅ ጽሑፍ ያምራል።

ሚያዝያ 25

ለትክክለኛነት ያህል። ከጠዋት እስከ ማታ ያልሁት እስከ ምሳ ማለቴ ነው። ፌሮው ሲታሰር አይቼዋለሁ፣ ላይ ነበር።

ግንቦት 3

ዝናብ። ስንጥቋ አራት ጣት ጨምራለች። ሽማግሌዎቹ ዐሥራ አራት ሆኑ። ሁለቱ የተጨመሩት መኪና አለ ሲባል ሰምተው ነው። ዐሥራ ሦስት ኩንታል ተኩል። ከወረቀቱ በታች ነን።

ግንቦት 9

ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አምጥቼ ከሰገነቱ ስር ላቆም ሞከርሁ። አንዱ የወለቴን በር ዘጋ፣ ሌላው ማቀዝቀዣዋ ፊት ላይ ነው። ወለቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ጋሼ፣ ይኸም ለወፉ ነው?"

ስመኝ ከላይ ሆና ምን እየሠራህ ነው አለችኝ። ለውበት አልሁ። የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ልጡ እንኳ ያልተላጠ፣ ለውበት። ወረቀት አለ እኮ አለች። ድምፅዋ ውስጥ ያለው ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ነበር። አባቷ ሞተው እንኳ ቦታ የከለከልኋቸው ይመስላታል።

ግንዶቹን ለማገዶ ሰጠሁ።

ግንቦት 15

እስከ ምሳም አይደለም። እስከ አራት ሰዓት።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሠራተኞቹ ከማለዳ ጀምሮ ያቦካሉ፣ ሴቶቹ በሳፋ ተሸክመው በመወጣጫው ይወጣሉ። ምድር ቤቱ ጎን፣ ዛሬ የወለቴ ማቀዝቀዣ ባለበት፣ ያኔ ማንጎ ነበር። ከስሩ የጠጠር ክምር። አንድ የወንጀል ልብወለድ ይዤ ነበር፣ ሦስት ምዕራፍ ቀርቶኛል፤ ገዳዩ ሊታወቅ ነው። ሐኪሙን ጠርጥሬአለሁ። አንዱን ምዕራፍ ላንብብ ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያ ሞቀኝ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። ስነቃ ሰባት ሰዓት አልፏል።

ስወጣ ሰገነቱ ሞልቷል። መሃሉ ላይ የእግር ፈለግ አለ፣ ጥልቅ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ፌሮውን ከፍ አድርገው የሚይዙት የድንጋይ ድጋፎች ግድግዳው ጥግ ተከምረዋል። ማን አነሣቸው አልሁ። አንዱ፣ እግር እየመቱ መንገድ ዘጉብን አለ። ሲረማመዱበት ውለዋል ማለት ነው። አውራ ጣቴን ኮንክሪቱ ውስጥ ነከርሁ። ገና እርጥብ ነበር። ጠርጎ አውጥቶ፣ ፌሮውን አንሥቶ እንደገና መሙላት የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ሁሉም አፌን እያዩ ቆመዋል። የት ነበርህ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።

"አለስልሱት" አልሁ።

መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ መለስሁ። አልጨረስሁትም።

ይህ ሁሉ ፌሮው ወርዷል ማለት አይደለም። ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ልዩነት አለው።

ግንቦት 22

ወለቴ ለደንበኞቿ ስታስረዳ ሰማሁ። ግንቦት ሠላሳ ሽማግሌዎች ከደጋ ይመጣሉ፣ ከላይ ይመርቃሉ፣ እናንተ ከታች ሆናችሁ ታያላችሁ፣ ወንበር እጨምራለሁ። ስንት ወንበር አልኋት። ሃያ አለች። ለእኛ ክብር ብላ ነው።

ከቤት የማስወጣት ሐሳብ እንደሌለኝ አሁን አምናለች። በመጥፎ ጊዜ አመነች።

ግንቦት 29

ስመኝ የአባቷን ዱንጉዛ ጋቢ እየተኮሰች ነበር። ቀይና ቢጫ ጥለቱን በውሃ እየረጨች፣ ቀስ ብላ። አጠገቧ ቆምሁ። ልነግራት ነው የቆምሁት። ቀና ሳትል፣ "ነገ ባትኖርም ይገባኛል" አለች።

"እኖራለሁ" አልሁ።

ያልሁት ይህንኑ ብቻ ነው።

ግንቦት 30

ምድር ቤት፣ የወለቴ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ እየጻፍሁ ነው። ፎቅ መውጣት አልፈለግሁም።

መኪናው አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። አግዳሚው ከላይ፣ በገመድ ታስሮ፤ ሽማግሌዎቹ በሚኒባስ ከኋላ። ተሸካሚዎች ስምንት ናቸው። ወለቴ ወንበሮቿን ደርድራ ከግማሽ በላይ ሰው ተቀምጦባቸዋል። ልጅ የታቀፉም ነበሩ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ጌታነህ ናቸው፣ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘዋል። ገመዱ ሳይፈታ ተሸካሚዎቹን አስቆሙ። ጎሜ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሰው የደበቀው ጥፋት ውሎ አድሮ ቤቱን ይመታል ነው። ስለዚህ ከመቀመጣቸው በፊት ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ይህን ከመጻሕፍት አውቀዋለሁ። በአንድ ወቅት የኅብረተሰብ ሥርዐት ነው ብዬ ለእንግዶች አስረድቻለሁ፣ ራሴን ከመስኮት ውጭ ሆኖ እንደሚያይ ሰው አድርጌ።

ዳምጤ እያስተረጐመ አቶ ጌታነህ ጠየቁ። ከዚህ ቤት የተሸሸገ ነገር ካለ ሳንቀመጥ ይውጣ።

በመጀመሪያው ዳምጤ ራሱ ተናገረ። ልጅ ሳለ የአግዳሚውን እግር በመጥረቢያ ጎድቶ በላም አሳብቦ ነበር። ላሟ ያኔ ተገርፋለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ሳር ነካ አደረጉት።

በሁለተኛው ስመኝ ወጣች። የአባቷን ጋቢ ለብሳለች። በጋሞኛ ጀመረችና ትታ በአማርኛ ቀጠለች፤ እኔ እንድሰማ ነው።

"ባለቤቴ አባቴን እንደሚጠላ በልቤ ይዤ ከረምሁ። ወር ሙሉ ባንድ ማዕድ እየበላሁ ፊቱን አላየሁም። እርሱ ግን ቦታ ሰጥቷል። በድዬዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ።"

ሁሉም ወደ እኔ አዩ፤ ይቅር ብያለሁ እንድል። ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ወለቴ ለሚጨመረው ሰው ቦታ እያበጀች ነው፣ በትክክል ከሰገነቱ መሃል ስር።

ሦስተኛውን እስኪጠይቁ አልጠበቅሁም።

"ሰገነቱ ሲሞላ አልነበርሁም" አልሁ። "ጥላ ስር ሆኜ መጽሐፍ አነብ ነበር።"

ዳምጤ አስተረጐመ። አቶ ጌታነህ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፣ እንደገና አስደገሙት። ከዚያ ጠየቁ።

"መጽሐፉ የሰው ነው?"

"የራሴ ነው።"

"ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው?"

ዳምጤን እጅህን ዘርጋ አልሁት። ከወለቴ ባልዲ ተቀብዬ አንጠለጠልሁበት። የቱ ጋ አመመህ አልሁት። ከላይ አለ። ለዐሥራ አራት ሽማግሌ፣ ለስምንት ተሸካሚና ለጭማቂ ደንበኞች በሙሉ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመቱን ነገር አንድ ባንድ ተናገርሁ፤ ማንጎውን፣ የእግሩን ፈለግ፣ አውራ ጣቴን፣ አለስልሱት ያልሁትን። ኦይታ ያልለካው እኔን አምኖ መሆኑን። አግዳሚው ከወጣ ሊወርድ እንደሚችል፣ ከስሩም ማን እንዳለ።

ሰዎቹ ሳይባሉ ከወንበራቸው ተነሡ። ወለቴ አንድ ወንበር በእጇ እንደያዘች ወደ ላይ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

"ወፍ ነው ብለውኝ ነበር እኮ ጋሼ።"

"ወፍ አልነበረም።"

ስመኝን አላየሁም። ለማየት አልደፈርሁም ማለት ይሻላል።

አቶ ጌታነህ ሳሩን ራሴ ላይ ነካ አደረጉት። "አግዳሚው ከመኪና ሳይወርድ ሥራውን ሠራ" አሉ። አግዳሚውን ከሰገነቱ ራቅ አድርገው መንገድ ዳር አወረዱት፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ጭማቂ ጠጥተው ወደ ደጋ ተመለሱ። ወለቴ ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ሰኔ 3

ኦይታ ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት፤ አብሮኝ መጣ። ዛሬ ምንጣፉን አነሣ። በእርሳስ የጻፍኋቸውን ቀኖች አየ፣ አንድ ባንድ አነበባቸው፣ የመጀመሪያው የ2008 ነው። ለካ። ፌሮው ከላይ ዐሥራ አንድ ሴንቲሜትር፣ ከታች ሁለት ብቻ ይርቃል። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ ነቅሎ አጥፎ ኪሱ ከተተ። "የእኔም ጥፋት ነው፣ መምህር" አለ። አይደለም ብለው ደስ ባለኝ። በከፊል ነው።

ስመኝ ማታ ተናገረች። አራት ቀን ስትመርጠው የቆየችው ቃል መሆኑ ያስታውቃል።

"ሰነፍ መሆንህን ብትነግረኝ እችለው ነበር። አባቴን ትጠላለህ ብዬ እንዳምን ተውኸኝ። ያንን አይተህ ዝም አልህ።"

አዎ አልሁ። ሌላ ትክክለኛ መልስ አልነበረም።

ሰኔ 11

ሰገነቱ ፈረሰ። ኦይታ ፈቃድ ጠየቀኝ፤ አሁን ማታ ማታ የሚያስተምራቸውን ተማሪዎች ይዞ መጥቶ ሊያሳይ። ፈቀድሁ። ሲቆረጥ የውስጡ ገጽ ታየ፤ ፌሮው ስር ተኝቷል፣ ዝገቱ እንኳ ቀላል፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ምንም ሳይሠራ። ኦይታ እኔ እንዳስረዳ ለመነኝ። ባልዲ አመጡ። የዳምጤን ጨምሮ ሃያ ዘጠነኛው ነው።

አንዲት ልጅ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ሳይወድቅ ቆየ አለች። ማንም ስላልተጠቀመበት አልሁ።

የሰገነቱ በር በእንጨት ተዘጋ። ወንበሬን የማስቀምጥበት ደፍ አሁን ወደ ምንም ያያል።

ሰኔ 21

የወለቴ ደጅ አሁን ሰማይ ያያል። አግዳሚውን እዚያ እናቁመው ያለችው ራሷ ናት። ስለ ጥላው ደግሞ ሁለት ትልልቅ ጃንጥላ ገዛች፣ ከዚያ የደንብ ጥያቄ ተነሣ፤ ጃንጥላ ጣሪያ ነው ወይ? አቶ ጌታነህ ሁለተኛ ወርደው ነበርና ለረዥም ጊዜ አሰቡበት። የሚታጠፍ ነገር ጣሪያ አይባልም ብለው ፈረዱ።

ዐሥራ አራቱ ቆመው ሳሉ አቶ ጌታነህ በበትራቸው ወደ እኔ አመለከቱ። መጨረሻ የተናገረ መጀመሪያ ይቀመጥ ማለታቸው ነው አለ ዳምጤ። ተቀመጥሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስገምተው ከኖርሁት በላይ ይጎረብጣል። ከዚያ እነርሱም ተቀመጡና መረቁ። መሬት ላይ ስለሆነ ሸክሙን አልደመርሁም።

ሲሄዱ ስመኝ ከፎቅ ወረደች። ከሰኔ ሦስት ወዲህ ከጨውና ከዳቦ ውጭ ብዙ አልተነጋገርንም። መጽሐፉን ይዛለች። ገጽ 211 ላይ ከፈተችው፤ ጠርዙ ላይ ግራጫ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ኮንክሪቱ ድንጋይ ሆኖ ደርቋል።

"ሦስት ምዕራፍ ነው የቀረህ" አለች። "እዚህ ጨርስ፣ እኔ እያየሁህ።"

ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ተቀመጠች። በመካከላችን የአምስት ሽማግሌ ቦታ ነበር። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አነበብሁ። አልተንቀሳቀሰችም።

ገዳዩ ሐኪሙ ነው ብዬ ነበር። አልነበረም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከሁሉም ጋር ቆሞ፣ ሲጠየቅ ከጠዋት እስከ ማታ እዚሁ ነበርሁ እያለ ሲመልስ የኖረው ሰው ነው።

ነገርኋት። "እኔ ገና ድሮ አውቄው ነበር" አለች። መጽሐፉን ማለቷ ነው።